«አይሸጥም» የተባለው መጽሐፍ
(በሐረር ጀጎል ስለ ተደረገ የሃይማኖት ጥበብ ጉብኝት)

፩. የጽሑፉ ምክንያት

ሐረርን ሊጐበኝ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የጀጎልን ግንብ፣ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላውን ጅብና፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርቱር ራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት። እነዚህ ሁሉ መታየት የሚገባቸው መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን እኛ ስድስት ተማሪዎች ለዚህ ጥናት ወደ ከተማይቱ በሄድን ጊዜ የፈለግነው ሌላ ነበር። ይኸውም፣ ለእግዚአብሔር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከመጀመሪያ ስፍራው ወጥቶ ለተመልካች በሚቀርብበት ጊዜ ታሪኩ ምን እንደሚሆን ለመመርመር ነው።

አስጐብኚያችን የከተማው ተወላጅ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። ከመነሣታችን አስቀድሞ «ከስድስት በላይ ብትሆኑ ኖሮ ሁለት ቀን አደርገው ነበር» አሉን። ነገሩ በጊዜው ቀልድ መስሎን ነበር። ምክንያቱን የተረዳነው ከመጀመሪያው ቤት በገባን ጊዜ ነው፤ ወደ ኋላም እንመለስበታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፪. ስለ ከተማይቱ ባጭሩ

ሐረር የሱልጣኖች መቀመጫ የሆነችው በ1512 ዓ. ም. ገደማ ሱልጣን አቡበከር ከደከር ወደዚህ በተዛወሩ ጊዜ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1535 ዓ. ም. ከሞቱ በኋላ ከተማይቱን የያዙት አሚር ኑር ሙጃሂድ ዛሬ ጀጎል የምንለውን ግንብ እንዳሠሩ ይነገራል። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከ17ኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ጀምሮ ሐረር በራስዋ አሚሮች የምትተዳደር፣ የራስዋንም ገንዘብ የምታትም ከተማ ነበረች። ግብፃውያን በ1868 ዓ. ም. ገብተው እስከ 1877 ዓ. ም. ገዟት። ጥቂት ቈይቶም የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ጦርነት ድል ስለ ሆኑ፣ በ1879 ዓ. ም. ከተማይቱ በንጉሥ ምኒልክ እጅ ገባች፤ መኰንን ወልደ ሚካኤልም፣ ኋላ ራስ የተባሉት፣ አገረ ገዥዋ ሆኑ።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጀጎልን በ1998 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በከተማይቱ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወልይ ስፍራዎች መኖራቸውን ጠቅሶአል። የጀጎል ስፋት 48 ሄክታር ያህል ብቻ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቊጥር የሚነግረው ነገር አለ። በሐረር ሃይማኖት ከኑሮ ተለይቶ በአንድ አደባባይ የቆመ አይደለም፤ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ሁሉ ይገኛል። ስለዚህ ከዚህች ከተማ የሃይማኖት ጥበብን ለይቶ አውጥቶ ማሳየት ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል።

፫. መጽሐፉ ይኖርበት የነበረው ቤት

አስጐብኚያችን ጉብኝቱን የጀመሩት ከቤተ መዘክር ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ነው። የሐረሪ ቤት፣ በአገሩ ቋንቋ ጌይ ጋር የሚባለው፣ ከውጭ ሲያዩት ዝምተኛ ግንብ ነው። በበሩ ሲገቡ ግን ዋናው ክፍል በከፍታ በተለያዩ ነደባዎች ይከፈላል። እነዚህ ነደባዎች ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ የሚቀመጥባቸው መደቦች ሲሆኑ፣ ቊጥራቸው በተለመደው አሠራር አምስት ነው። ግድግዳው የቤቱ ሴቶች በሰፏቸው የስፌት ሥራዎችና በሳሕኖች ይሞላል። በግንቡም ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ።

እኛ ስድስት ሰዎች በገባን ጊዜ እያንዳንዳችን የምንቀመጥበት ነደባ ተነገረን። እዚህ ላይ ነው የአስጐብኚያችን ቃል የገባን። ቤቱ የሚታየው ተቀምጦ ነው። ሠላሳ ሰው ቢገባ ሁሉም ቆሞ ያያል፤ ቆሞ ያየ ሰው ደግሞ ነደባ ለምን እንደ ተሠራ ሳይረዳ ይወጣል። ወደ ቤቶቹ የሚያደርሱት መንገዶችም ጠባቦች ናቸው፤ ከመጥበባቸው የተነሣ የተጣሉ ሰዎች ሳይነጋገሩ ሊያልፉበት አይችሉም ተብሎ «የዕርቅ መንገድ» የሚባል እንኳ አለ። ከተማይቱ ራስዋ የእንግዳውን ቊጥር ትወስናለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

አስጐብኚያችን ወደ አንዱ መደርደሪያ እያመለከቱ «መጽሐፉ የሚቀመጠው እዚህ ነበር» አሉ። ቁርአን፣ የሕግ መጽሐፍ፣ በመውሊድ የሚነበበው የነቢዩ ውዳሴ፣ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ቋንቋ ጽሑፍ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቤት ይቀመጥ ነበር። ሰው በሞተ ጊዜ ቁርአኑ በሠላሳው ክፍል ተለይቶ ለተሰበሰቡት ይታደላል፤ ሁሉም የደረሰውን ክፍል ስለሚያነብ መጽሐፉ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። እንግዲህ መጽሐፉ ጌጥ አልነበረም፤ በቤቱ ውስጥ እንደ አንድ ሰው ሥራ ነበረው።

፬. በሸሪፍ ቤተ መዘክር

ከዚያ ቀጥለን የሄድነው ወደ ሸሪፍ ቤተ መዘክር ነው። ቤቱ አንድ የሕንድ ነጋዴ እንዳሠራው የሚነገርለት፣ በሩና ሰገነቱ በተጠረበ እንጨት ያጌጠ፣ ተፈሪ መኰንንም በወጣትነታቸው ኖረውበታል ተብሎ በስማቸው የሚጠራ ነው። ስብስቡን ያቋቋሙት የከተማው ተወላጅ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ናቸው። ከ1983 ዓ. ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የከተማቸውን ዘፈን፣ ልብስ፣ ገንዘብና መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በ1990ዎቹ ዓመታት በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ አሳዩ፤ ኋላም ስብስቡ በዝቶ ቤቱ ስለ ጠበበ የክልሉ መንግሥት ይህን ትልቅ ቤት ሰጣቸው። ዛሬ በስብስቡ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ይገኛሉ። አቶ አብዱላሂ የጥንቱንም የመጽሐፍ ጥራዝ ጥበብ መልሰው ለማስነሣት ደክመዋል።

ስለዚህ ጥበብ ጥቂት ማለት ይገባናል። በአገራችን ክርስቲያናዊ መጽሐፍ በብራና ተጽፎ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል። የሐረር መጽሐፍ ግን በወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱም ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ወደ ብርሃን ሲያቀኑት ሦስት ጨረቃ የሚታይበት የኢጣሊያ ወረቀት ነው። ሽፋኑ በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ወረቀት ነው፤ በቆዳው ላይ በማኅተም የተመታ ሐረግ አለ፤ ከአንዱ ጐን ተርፎ የሚታጠፍ ልሳንም መጽሐፉን ይከድነዋል። በ1847 ዓ. ም. በከተማይቱ ዐሥር ቀን የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ብዙ ነገር ሲነቅፍ የሐረርን ጥራዝ ግን አድንቆ ጽፎአል።

ይህ ጥበብ ከተማይቱ ከሰፊው ዓለም ጋር የነበራትን ግንኙነት የሚመሰክር ነው። በ1162 ዓመተ ሂጅራ (በአውሮፓ አቆጣጠር 1749) በሐረር የተጻፈ አንድ ቁርአን ዛሬ ለንደን በሚገኘው በኻሊሊ ስብስብ ውስጥ አለ። ሊቃውንት የዚህን ቁርአን አጻጻፍ በሕንድ አገር «ቢሃሪ» ከሚባለው የፊደል ዓይነት ጋር ያመሳስሉታል። ጸሐፊው በጀጎል ውስጥ ተቀምጦ የጻፈ ቢሆንም፣ በዓይኑ ፊት የነበረው አርአያ የሕንድን ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ነበር ማለት ነው። የሐረርን መጽሐፍ የአንዲት በግንብ የታጠረች ከተማ ሥራ ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

፭. «አይሸጥም»

ከዚህ በኋላ የምንናገረው የጥናታችን ዋና ነገር ነው።

አስጐብኚያችን በአንድ የቆየ መጽሐፍ ፊት ቆመው ስለ ቆዳውና ስለ ሐረጉ ከነገሩን በኋላ፣ በመጀመሪያው ገጽ ጥግ በደቃቅ የተጻፈ ጽሑፍ አሳዩን። ዓረብኛውንም ቀስ እያሉ ወደ አማርኛ መለሱልን። መጽሐፉ ወቅፍ መሆኑን፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ተብሎ ለመስጊድ የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎም እንደዚህ ባለው ጽሑፍ እንደ ተለመደው «አይሸጥም፣ በስጦታ አይተላለፍም፣ አይወረስም» ይላል።

ከመካከላችን የእናቱ ወገን ከሐረር የሆነ ጓደኛ አለን። እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገረም ነበር። «አባባ፣ አይሸጥም የተባለ መጽሐፍ ታዲያ እንዴት ከመስጊዱ ወጣ?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱለትም። ከዚያ «ልጄ፣ ሰው ሲቸገር ቤቱ ይዘጋል፤ ቤት ሲዘጋ መጽሐፉ ይወጣል። የሄደው ሄደ። ያልሄደው ይኸው እፊትህ ነው» አሉት።

ይህን መልስ በታሪክ ዓይን መመርመር ይገባል። የሐረር መጻሕፍት የተበተኑት በአንድ ቀን አይደለም። በ1940 ዓ. ም. ከኩሉብ እንቅስቃሴ ጋር በተያያዘ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረት ተወረሰ፤ ብዙ ቤተ ሰቦችም ከተማቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ ከግንቡ ውጭ ባለው እርሻ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች መተዳደሪያቸውን አጡ። በስደትም በችግርም ጊዜ መጽሐፍ በቀላሉ የሚሸከሙት፣ በቀላሉም የሚሸጡት ዕቃ ነው። መስጊዱን የሚጠብቀውና ወቅፉን የሚያስተዳድረው ሰው በሄደ ጊዜ፣ «አይሸጥም» የሚለውን ቃል የሚያስከብር አልቀረም።

ማታ ባረፍንበት ቤት ጓደኛችን የራሱን ነገር ነገረን። የአያቱ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ይቀመጡ ነበር፤ በክፉ ዘመን ለአንድ ነጋዴ ተሸጡ፤ የነጋዴውን ስም የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ሣጥን የተረፈው ልሳኑ የተቀደደ አንድ የቆዳ ሽፋን ብቻ ሲሆን፣ እናቱ ዛሬም በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። ውስጡ ገጽ የለውም። «ቀን ሙሉ በመስተዋቱ ውስጥ ያንን ሽፋን የሚመስል ስፈልግ ዋልሁ» አለን።

በዚያ ምሽት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ገሚሶቻችን፣ ወቅፍ የሆነ መጽሐፍ ወደ ተሰጠበት መስጊድ ይመለስ፤ በመስተዋት ውስጥ መቀመጡ የሰጪውን ፈቃድ ማፍረስ ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ መጽሐፉን ያወጣው ችግር እንጂ ቤተ መዘክሩ አይደለም፤ ተሽጦ የነበረን መጽሐፍ ወደ ከተማይቱ መመለስ ምርኮኛን ከመቤዠት የሚቈጠር ነው አልን። ሁለቱም ወገን እውነት እንዳለው አሁንም እናምናለን። ስለዚህ ፍርዱን ለሌላ ጊዜ ትተን፣ ሁላችን የተስማማንበትን አንድ ነገር ብቻ እንጽፋለን። ይኸውም፣ ሽማግሌው ያንን የገጽ ጥግ ባያነቡልን ኖሮ፣ ስለ ቆዳው ስናደንቅ ውለን የመጽሐፉን ቃል ሳንሰማ እንመለስ ነበር የሚል ነው።

ይህ ነገር የእስላሙ መጽሐፍ ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በገዳማትና በአድባራት የሚገኙ የግዕዝ መጻሕፍትም በመጨረሻ ገጻቸው የሰጪውን ስም ይናገራሉ፤ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም ጽሑፉን የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው መጻሕፍት ይህን ውግዘት እንደ ያዙ ባሕር ተሻግረዋል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በሌላ ብዙ ነገር ቢለያዩም፣ መጽሐፍ ከስፍራው እንዳይነቀል በራሱ ገጽ ላይ ጠባቂ ቃል በማቆም አንድ ናቸው።

፮. በፈረስ መጋላ

በሁለተኛው ቀን ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን። በዚህ አደባባይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሞአል። ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለው ከ1879 ዓ. ም. ድል በኋላ፣ ግብፃውያን መስጊድ በሠሩበት ስፍራ ነው። ይህን የሚያውቅ የከተማ ሰው ብዙ ነው፤ ለእንግዳ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ አይደለም። የነገሩ ጥንት ዛሬም ሰዎችን የሚያስቈጣ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በከተማይቱ ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ. ም. በሁከት ጊዜ ፈርሶአል።

አስጐብኚያችን እስላም ሲሆኑ፣ ከመካከላችን አራቱ ክርስቲያኖች ነን። ወደ ቅጥሩ ስንደርስ ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ እሳቸው በደጅ ቆዩን። ከመግባታችን በፊት ግን «ይህ ስፍራ መስጊድ ነበረ፤ አሁን ቤታችሁ ነው፤ ሁለቱንም እወቁ» አሉ። በዚህ ቃል ውስጥ ቂምም ማለባበስም አላየንም። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት በቅርቡ መስማታችንን አናስታውስም።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ በምትሣልበት አጠገብ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይቆማል፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ የሚገለጠውም በጸሎት ጊዜ ነው። መጋረጃው በሐረሪ ቤት መጽሐፉን ከሚጠቀልለው ጨርቅ ጋር ምንኛ እንደሚመሳሰል ያስተዋልነው በዚያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ቅዱሱ ነገር በማንኛውም ሰዓት ለማንኛውም ዓይን የተዘጋጀ አለመሆኑን ይናገራሉ። ቤተ መዘክር ደግሞ በተፈጥሮው የተገለጠ፣ በሰዓቱም ለሁሉ የተከፈተ ነው። ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ይህ ችግር የሐረር ብቻ አይደለም። በካይሮ፣ እ. ኤ. አ. በ1903 በራሱ ሕንፃ የተከፈተው የእስላም ጥበብ ቤተ መዘክር መጀመሪያ የተሰበሰበው ከመስጊዶች በተነሡ ዕቃዎች ነው። በአዲስ አበባም በ1955 ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቤተ መዘክሩ ያሉት የእንጨት ላይ ሥዕሎች አስቀድመው ሰው የተሳለማቸው ሥዕሎች ናቸው። እነዚህ ቤቶች ባይኖሩ ኖሮ ብዙው ዕቃ ጠፍቶ ወይም ከአገር ወጥቶ ይቀር ነበር። ስለዚህ የቤተ መዘክርን ጥቅም ለመካድ የምንጽፍ አይደለንም፤ የምንጠይቀው ዕቃው ከነታሪኩ እንዲታይ ነው።

፯. መደምደሚያ

ከላይ ከተናገርነው ሦስት አሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቤተ መዘክር በተቀመጠ የሃይማኖት ዕቃ ሁሉ አጠገብ ዘመኑና የተሠራበት ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ከየት ቤት፣ ከየት መስጊድ ወይም ከየት ቤተ ክርስቲያን እንደ መጣና በምን መንገድ እንደ መጣ ቢጻፍ መልካም ነው። ወቅፍ ወይም ውግዘት ያለበት ከሆነ ቃሉ በአማርኛና በሐረሪ ቋንቋ ተተርጒሞ ይነበብ። ጐብኚው በዚህ አያፍርም፤ ባለቤቱም በዚህ አይከሰስም። የሚያሳፍረው ቃሉን በመስተዋት ውስጥ ከድኖ ቆዳውን ብቻ ማሳየት ነው።

ሁለተኛ፣ ጉብኝቱ በትናንሽ ቡድን ይሁን። ይህ ገቢን እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ በጉብኝት የሚተዳደር ሰውም ይህን ምክር በደስታ አይቀበለውም። ነገር ግን በነደባ ላይ የሚቀመጥ እንግዳና የገጽ ጥግ የሚነበብለት እንግዳ ሁለት ቀን ይቀመጣል፤ ቆሞ የሚያይ ግን በአንድ ሰዓት ጨርሶ ይሄዳል። አስጐብኚያችን ቊጥራችንን ከቀናቱ ጋር አያይዘው የተናገሩት ቀልድ እንዳልነበረ አሁን ገብቶናል።

ሦስተኛው ለራሳችን ለተማሪዎች ነው። የወቅፍ ጽሑፎችን እየገለበጡ መሰብሰብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትዕግሥትና የዓረብኛ ዕውቀት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው መስጊድ እንደ ተሰጠ ቢታወቅ፣ ዛሬ በቦታቸው ያልተገኙት መጻሕፍት ሳይቀሩ የከተማይቱን ትምህርት ታሪክ ለመጻፍ ይረዳሉ። አንባብያን ከሆኑት መምህራንና ጓደኞቻችን መካከል ዓረብኛ የሚያነቡ ቢኖሩ በዚህ ሥራ እንዲያግዙን እንለምናለን።

ጓደኛችን ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የእናቱን የቆዳ ሽፋን ይዞልን መጣ። በማዕከሉ የተመታውን ሐረግ ለክተን ጻፍን፤ የልሳኑንም ቅርጽ ነደፍን። በውስጠኛው ወገን ተለጥፎ የቀረ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች፤ በእርስዋም ላይ የአንድ ቃል እኩሌታ ይታያል። የወቅፉ ቃል ይሁን ሌላ አላወቅንም። ሽፋኑን እንደ ነበረ በነጩ ጨርቅ ጠቅልለን ለእናቱ መልሰናል፤ የነደፍነውንም ከዚህ ጥናት መዝገብ ጋር አስቀምጠናል፤ ምናልባት አንድ ቀን በአንድ ስፍራ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ቢገኝ ለማስተያየት ይረዳል።